«ስለ»ን የማይወድ ግሥ

የማታ ክፍል ነው፣ ከሆጤ ሜዳ ማዶ፤
አንዱ አምፖል ይበራል፣ ሌላው ቀርቷል ነዶ።
የጦሳ ጉም ገብቶ ክፍሉ ውስጥ ዋለለ፤
ሰሌዳው ረጥቦ ጠመኔ አልይዝ አለ።
መምህር ይመር ግን፣ በኮቱ እጅጌ ጠርጎ፣
አንድ ግሥ ጻፈልን፣ ፊደሉን ትልቅ አድርጎ።
«‹ዲስከስ› ማለት፣» አለ፣ «መወያየት ማለት።
ዓረፍተ ነገር ሥሩ፣ ከራሳችሁ ሕይወት።»

እኔ የፍሬን ሸራ ሻጭ፣ መናኸሪያ ጀርባ፣
በልጅነት ያመለጠኝን የማባርር በአርባ፣
ከጎረምሶች መሀል ምላሴን ነከስኩኝ፤
«ወንድሜና እኔ ስለ ቤቱ ተወያየን» ብዬ በእንግሊዝኛ ጻፍኩኝ።

ይመር መጣ፣ አየ፤ በቀይ መስመር መታ።
አንዲቱን ቃል ብቻ፣ «ስለ» ያልኩባትን፣ ሰረዛት በእርጋታ።
«አብሽር፣ ሌላው ደህና። ይቺን ግን ጣልልኝ፤
ይህ ግሥ ‹ስለ› አይወድም፤ ቤቱን ራሱን ስጠው፣ ቀጥ አርገህ አምጣልኝ።»

ቀጥ አርጌ!
በእኛ ቋንቋ እኮ «ቤቱን ተወያየን» ቢሉት
እንደተኛ በሬ ነው፣ አይነሳም ቢስቡት።
የኛ ሰው ስለ፣ ስለ ይላል። ለማኙ እንኳ ደጃፍ ላይ
«ስለ ወላዲቷ»፣ «ስለ ነቢ» ነው የሚል፣ ሳንቲሟን ሳያይ።
ሐረጎንም እዩት፣ ኮምቦልቻ ሲወርድ መንገዱ፣
ስለ ገደሉ ነው እንጂ ገደሉን አይደል መሄዱ።
ቀጥ ብሎ የነዳ ሾፌር፣ ተመልሶ ከእኔ ፍሬን አልገዛም።

ወንድሜ ሙሄ እታች፣ ጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ።
ከአባታችን ቀብር ስድስት ክረምት ለካ
ስንገናኝ ሁሌ፣ ስለ ስሚንቶ ዋጋ፣
ስለ ጉልበቱ ሕመም፣ ስለ ልጄ ፈተና፣ እያልን ሲመሽ ሲነጋ፣
ቤቱ ቧንቧ ውሃ፣ በሩ ተቆልፎ፣
እንደ አኩራፊ እንግዳ ከመሀላችን አርፎ።

ቅዳሜ ወረድኩኝ፣ ደብተሬ በኪሴ፤
ምን እንደምለው ሳስብ በየኩርባው ወጣች ነፍሴ።
ቦርከና ዳር ተቀመጥን፣ ከሸንኮራ ሻጭ ጎን፤
«ዘንድሮ ዝናቡ፣» አለኝ ሙሄ፣ «ስለ እህሉ እንጃ፣ ምን ሊሆን...»

አቋረጥኩት። «ቤቱን።»
ይቺን ብቻ። ግሥ የለ፣ ማሰሪያ የለ። ቤት ከነ«ን»።

ማኘክ አቆመ። ወንዙ ብቻ ሄደ።
ጉንጩ እንደታጨቀ ዐይኑ መሬት ወረደ።
«ግብሩን፣» አለኝ፣ «ግብሩን በየዓመቱ እከፍላለሁ በስምህ።
ቁልፉን... ቁልፉን ቀየርኩት። ፈራሁ ልነግርህ።»

እሱም «ስለ» አላለም። ማን አስተማረው?

ተጣላን። ትንሽ። ሻጩ ቢላውን ደበቀ።
ከዚያ፣ እኔ ልሁን እሱ እንጃ፣ ብቻ አንዳችን ሳቀ።

ማታ ሐረጎን ስወጣ ትዝ አለኝ፣ ለካ ለእኛም አለን፦
ማንሳት። ጎንበስ ብሎ፣ ከነክብደቱ። «ቤቱን አነሳን» እንላለን።
አንድ ሰው አይችለውም፤ ወዲያኛው ጫፍ ላይ ሌላ እጅ ይፈልጋል።
ሙሄ በግራ፣ እኔ በቀኝ፤ ገና ከመሬት ስንዝር ብቻ ብሏል።

ሰኞ ይመር ደብተሬን ገለጠ።
ያረምኩትን አነበበ፣ ጎኑ ምልክት አስቀመጠ።
«ትክክል፣» አለኝ። ከዚያ ዝቅ ብሎ፣ እንደ ጎረቤት፣
«እና ምን ላይ ደረሳችሁ? ሊሸጥ ነው ያ ቤት?»
«ስለ ቤቱ እንኳ...» ብዬ ስጀምር

ቀዩን እስክሪብቶ አነሳ።