ሦስተኛዋ

ከመንቲና ወረድ ሲሉ፣ ወደ አዌቱ ሲጠጉ፣
አራት ደረጃ ነበረን፤ ሦስቱ የተሠሩ በወጉ።
ሦስተኛዋ ግን…

አባቴ ነው የሞላቸው፣ በሐምሌ፣ ወደ ማታ፣
ሰማይ አርግዞ ቆሞ ሊወልድ ሲያመነታ።
ሁለቱን በውሃ ልክ፣ በክር፣ በትዕግሥት ለካና፣
ሦስተኛዋ ላይ ሲደርስ ዝናቡ ቀደመውና፣
በባሬላ የተረፈውን፣ ታጥቦ እንዳይሄድ ብሎ፣
ያገኘውን ስባሪ ጨምሮ ባንዴ ደፋው ቸኩሎ።
ሲነጋ አራት ጣት በልጣ ተገኘች።
«ትኑር» አለ አባቴ፣ «ቃሏን ሰጥታለች።»

ሠላሳ አንድ ዓመት እግራችን አጠናት፦
አንድ፣ ሁለት፣ አንሳ! አራት።
መብራት ቢጠፋ፣ ጄሪካን ብንሸከም፣
ሕፃን ብናዝል፣ ትኩሳት ይዞን ብንዳከም፣
አንድ፣ ሁለት፣ አንሳ! አራት።
ከቤቱ ሰው ማንም አልወደቀም በሷ ምክንያት።

እንግዳን ግን አትምርም ነበር።
ለእህቴ ለፈቲያ የመጡት ሽማግሌ፣ ነጭ ለብሰው፣ በክብር፣
በግንባራቸው ሊወርዱ ሲሉ በሩን ይዘው ተረፉ፤
ቆጣሪ አንባቢውና የቀበሌው ጸሐፊም እዚያችው ላይ ተደፉ።
አንድ ሌሊት ሌባ መጣ፤ ሲነጋ የቀረን ከሱ
የግራ ኮንጎ ጫማ ነው፤ በቀኙ ሮጠ ራሱ።

ዘንድሮ የእናቴ ጉልበት እንቢ አላት።
እግሯን በሁለት እጇ እያነሣች እንኳ ራቀባት።
የሦስተኛዋም ጫፍ ተሸራርፎ
ፌሮው እንደ ጎድን ብቅ ብሏል።
«በቃ» አልኩ። ሙዘይንን ጠራሁት።

ሙዘይን አሥራ አራት ዓመት ሰመራ ላይ የገነባ ሰው ነው፤
ወሬው ሁሉ ስለ ጸሐይ ነው።
«እዚያ» አለኝ፣ ካዞላውን ጫማው ላይ እያራገፈ፣
«ፌሮ በቀን የጨበጠ ሰው መዳፉ ተገፈፈ።
የምንሞላው ሌሊት ነበር፣ አሸዋው ሲበርድ፣ በጨረቃ፣
ሲሚንቶው ይረጋ ዘንድ፣ ጸሐይ ሳትነቃ።
ገዳዩ ጥም ነው እንጂ ዝናብ ብቻ አይደለም፤
ላዩ ደርቆ ያታልላል፣ ውስጡ ግን የለም።»

በድጅኖ ሲመታት ድምጿ ባዶ ነበር።
ከሆዷ የሸክላ ስባሪ ወጣ፣ የጠርሙስ አንገት፣
አንድ የዛገ የበር ማጠፊያ።
ሙዘይን አገላብጦ አየውና
«ሰውየው ቸኩሏል» አለ።
«ዘንቦበት ነው» አልኩት።
ሌላ ነገር አልተባባልንም።

ጥር ነው፤ ሰማዩ ጠርቷል፤ አሥራ አንድ ሰዓት ከሌሊቱ
አዛን ሳይባል ሞልቶ ጨረሰ፤ የስልክ ባትሪ ነው መብራቱ።
የቡና ጆንያ አልብሶ በውሃ አራሰውና
«ሰባት ቀን እንዳይጠማው!» ብሎን ሄደ፣ ዕቃውን አነሣና።
ጎረቤታችን አባ መጫ ባጥር በኩል ብቅ ብለው
«ጅማ ላይ! ለድንጋይ! ውሃ!» ሳቁ፣ ሳል እስኪይዛቸው።
እናቴ መልስ አልሰጠችም፤
ጠዋትና ማታ በጆግ እየቀዳች አጠጣችው፣
እንደ አዲስ ችግኝ።
እኛ ሰባት ቀን በጓሮ፣ ቦዩን በጣውላ እየተሻገርን።

በስምንተኛው ቀን ጆንያው ተነሣ።
አራቱም እኩል፣ ጠርዛቸው ስል፣ ገና ከወረቀቱ እንደወጣ ሳሙና።
አባ መጫ ወጡ፤ ወረዱ፤ ደግመው ወጡ፤
ሳይደናቀፉ በመቅረታቸው ቅር ያላቸው መሰለኝ።

ከዚያ እናቴ።
አንድ። ሁለት። አንሳ —
እግሯ የለመደውን ቁመት ፍለጋ ወጣ፤
የሚረግጠው አጣና አየሩን ይዞ መጣ።
ግድግዳው ነው ያተረፋት።
ማታ ደግሞ እኔ፣ ከነጄሪካኔ።
እሑድ ፈቲያ፣ ከባሏ ቤት ስትመጣ።

ሙዘይን ቀሪ ሒሳቡን ሊቀበል መጥቶ አያት፤
ውሃ ልኩን አወጣና ሦስተኛዋ ላይ አስተኛት።
አረፋዋ መሃል ላይ ቆመች።
ደግሞ ለካ። በሜትር። በስንዝር።
«ልክ ነው እኮ፣ እማማ ዘቢባ» አለ፣ ጭንቅ ብሎት።
«አውቃለሁ ልጄ» አለችው ጉልበቷን እያሸች፣
«ልክ መሆኑ ነው ያደናቀፈኝ።»