ያምራል

እህቴ ዱልሲ ከአልበርታ ፎቶ ላከች በመልእክት፤
እኔ ዘንድ የደረሰው ግራጫ ሳጥን፣ መሃሉ ላይ ቀስት።
ነካሁት። ዞረ፣ ዞረ፣ መተኛው እንዳልተመቸው ውሻ፤
«አልተጫነም» አለኝ በመጨረሻ።

አላየሁም ለማለት አፈርኩ።
ሰባ አራት ዓመቴ ነው፤ የጀልባ ሞተር በጨለማ የገጠምኩ፣
በኒውፋውንድላንድ ብርድ መረብ የጠገንኩ፣
በአንዲት ሳጥን ተረታሁ ልበል? «ያምራል» ብዬ ጻፍኩ።

በማግስቱም ሳጥን። «ያምራል።»
በሳምንቱም ሳጥን። «እሰይ፣ በጣም ያምራል!»
ከዚያ ዱልሲ ዝም አለች፤ አሥራ አንድ ቀን።

ከርዊን መጣ፣ የጎረቤቴ ልጅ፣ የተዋስኩትን መሰላል ሊወስድ፤
ስልኬን አጥፍቶ አበራው፤ ሲሙን አውጥቶ እፍ አለበት፤ ያው ጉድ!
«ዋይፋይ አለኝ እኮ» ብለው ሳቀ፣ ድዱን ሁሉ አሳየኝ፤
«የመልእክት ፎቶ የሚገባው በዳታ ነው፣ ካፒቴን፤ ለምን ዘጋኸው?» አለኝ።
ሂሳቡን ፈርቼ፣ በጥር፣ በገዛ ጣቴ ነው የዘጋሁት።
ከፈተው። ከላይ ወደ ታች፣ ቀስ እያለ፣ ሦስቱንም አየሁት።

የመጀመሪያው ጓሮዋ፤ ዱባ ታቅፋ እንደ ሕፃን።
ሁለተኛው ከደኑ ጀርባ እሳት፤ በቀትር የጨለመ ቀን።
ሦስተኛው አመድ ነው። ቤቷ የነበረበት። ጭስ ማውጫው ብቻ ቆሟል፤
ከሥሩ የእኔ ቃል፦ «እሰይ፣ በጣም ያምራል!»

ከርዊን መሰላሉን ሳያነሣ ወጣ።
ደወልኩ። ጠራ፣ ጠራ፤ ድምፅዋ ከሩቅ መጣ።
«ዱልሲ፣ ፎቶውን… አሁን ገና ነው ያየሁት።»

«የትኛውን?» አለች።