ሠላሳ ሰባት

ሠላሳ ሰባት ነበር የመሰለች እግር፤
ከስሟ በፊት ያወቅኩት፣ በመናኸሪያው አጥር ሥር።
የተበጠሰ ጫማ ይዛ፣ እንደ አባ ኮዳ ሐይቅ ዳር
በአንድ እግሯ ቆማ ጠበቀችኝ፤
ሰፍቼ ስሰጣት ሳቀች፤ ከዚያ ወዲህ ነው ይህ ሁሉ ነገር።

በስድስተኛ ወሯ ያው ጫማ ጠበባት።
“ውሃ ነው” አለች ጎረቤት፣ “ወንድ ነው፣ እግር ያከብዳል” አለቻት።
እኔም ደስ ብሎኝ፣ በወስፌ አንድ ቀዳዳ ጨመርኩላት።
በሰባተኛው ሌላ ቀዳዳ።
ከዚያ ፎርማ ውስጥ ወጥሬ አሳደርኩት፣
ቆዳውን በውሃ አርሼ፣ በመዶሻ አለዘብኩት፤
ሠላሳ ስምንት አደረግኩት፣ ሠላሳ ዘጠኝ አደረግኩት፤
እግሯ የሚጮኸውን፣ ጫማውን አስፍቼ ዝም አሰኘሁት።

ቁርጭምጭሚቷን በጣቴ ስጫን፣ ጉድጓዱ አይሞላም ነበር፤
እንደ ራሰ ቆዳ ምልክቴን ይዞ ይቆይ ነበር።
ቆዳ አውቃለሁ ባይ ነኝ። በሬ፣ ፍየል፣ በግ፣ በጣት ዳሰሳ።

አንድ ማታ “ራሴን” አለች፤
ምች ነው ተባለ፣ ዳማከሴ ታሸ፣ ሸተተች፣ ጠጣች።
“ዓይኔ ላይ ብልጭ ይላል፣ ሌሊት ሐይቁ ላይ እንዳለ
የአሣ አጥማጅ መብራት” ስትለኝ፣
ተኚ አልኳት።
ሌላ ያልኳትን ሁሉ ረስቻለሁ። ይህችን ቃል አልረሳም። ተኚ።

በማግስቱ ጤና ጣቢያ። ሲስተር ዱሬቲ ክንዷን ጠቀለለች፣
ነፋች፣ ዝም አለች፣
በሌላኛው ክንድ ሞከረች።
“መቶ ሰባ በመቶ ዐሥራ አምስት” አለች፣ ለራሷ እንደምትናገር።
እኔ በቁጥር ነው የምኖረው፤ ይህ ግን የየትኛው እግር ልክ ነበር?
ሽንቷ ውስጥ የተነከረው ወረቀት መልኩን ቀየረ።
“የእርግዝና ደም ግፊት ነው። ወደ ልጁ የሚሄደው ደም መንገዱ ጠቧል፤
ከወር በፊት ለምን አልመጣችሁም?”
መልስ አልነበረኝም። ጣቴ ላይ የደረቀ ማስቲሽ ነበር፣ እሱን ፋቅኩ።
እግሯ ሲሰፋ፣ ውስጧ ሲጠብ ነበር፤
እኔ ቀዳዳ እቆጥራለሁ።

አምቡላንሱ ሞኖፖልን ሳያልፍ መንጋጋዋ ገጠመ፣
ጀልባ ላይ እንደ ወደቀ አሣ ገላዋ ተንቀጠቀጠ።
አንድ ጫማዋ ወልቆ ወለሉ ላይ ተንከባለለ፤
ያ እኔ ያሰፋሁት፣ ባዶውን፣ እንደ ተከፈተ አፍ።

ሪፈራል ደረስን። መርፌ። ሌላ መርፌ። የሚፈረም ወረቀት።
“አንዳቸውን ልናጣ እንችላለን” አለኝ ወጣቱ ሐኪም፣
ዓይኑን ከእጄ ላይ ሳይነቅል።
ፈረምኩ። ስሜን አጣመምኩት።

ሴት ነች። አንድ ኪሎ ከሦስት መቶ።
እግሯን ለካሁት። የሙያ ነገር ሆኖብኝ እንጂ፣ ነውር መሆኑን አውቃለሁ፤
ከአውራ ጣቴ ጫፍ እስከ መጀመሪያው አንጓ፣ ያውም ሳይሞላ።
ለእንዲህ ያለ እግር ፎርማ የጠረበ አናጢ የለም።
መሰለች በሦስተኛው ቀን ነቃች፤ ቀድማ የጠየቀችኝ
“ትተነፍሳለች?” ብላ ነው።
ትተነፍሳለች አልኳት። ስትረሳ እናስታውሳታለን አላልኳትም።

ደረት ላይ አድርጓት አሉን፣ ቆዳ ለቆዳ።
እናቷ ሲደክማት እኔ ሸሚዜን አወልቃለሁ፤
ማስቲሽ፣ ቀለም የሚሸተው ደረቴ ላይ
እንደ ጫጩት ትሞቃለች።
ስም አላወጣንላትም። ፈርተን ነው።

ትናንት አንዲት ነፍሰ ጡር መጣች፣ “አስፋልኝ” ብላ።
ደምሽን ተለክተሻል? አልኳት።
“ጫማ ሰፊ ነህ ወይስ ሐኪም?” ሳቀች።
ጫማዋን ሣጥኔ ውስጥ ቆለፍኩት፤
ነጠላ ጫማዬን አጠለቅኩላት፤ “ካርድሽን አሳይተሽ ትወስጃለሽ።”
እየሰደበችኝ ሄደች። ወደ የት እንደ ታጠፈች አላየሁም፤
ባጃጅ ጋረዳት።

ዛሬ መሽቷል። አባ ኮዳዎቹ ዛፋቸው ላይ ሰፍረዋል።
ሣጥኑን እከፍታለሁ፣ አያለሁ፣ እዘጋለሁ።
ሠላሳ ስድስት ነው።
እስካሁን አልመጣችም።