የተረኛ መዝገብ

ሰንጋ ተራ፣ ፎቁ ሥር፣ ምድር ቤት ሁለት፣
ተረኛው እኔ ነኝ፣ ዛሬም እንደ ትናንት።
የገባውን ታርጋ፣ የወጣበትን ሰዓት
በሰማያዊ እስክሪብቶ እጽፋለሁ በጥራት።
ሻንጣ አስከፍታለሁ፣ ኪስ እዳብሳለሁ፣
ባለሥልጣን ቢመጣም «መታወቂያ» እላለሁ።

ሌሊት ዘጠኝ ሰዓት፣ ውሻው ጮሆ ጨርሶ፣
የጠፋው መብራትም ገና ተመልሶ፣
የወይዘሮ ስንዱ ነጯ መኪና
ዓይኗን ገለጠችው፤ ጨፈነች እንደገና።
ጆሮዋን አጠፈች፣ ዘረጋች፣ አጠፈች፣
በቻይንኛ አንድ ነገር ለብቻዋ ለፈለፈች።
ቆመጤን አንስቼ «ማነው?» አልሁ፤ ማንም የለ፤
በሩ እንደተዘጋ፣ ሰንሰለቱ እንዳለ።

ጠዋት ስነግራቸው ወይዘሮ ስንዱ ሳቁ፦
«ከፋብሪካው ነው እኮ፤ ጋሼ፣ አይጨነቁ።
አንጎሏን ያድሳሉ፣ በአየር ነው የሚልኩት።»
ይሁን። እኔ ግን ሌላ ነው የጠየቅኩት፦
በየት በኩል ገባ? ማን ፈተሸው? ማን አለው «ግባ»?
ዛሬ ሊያድስ የመጣ ነገ ሊሰርቅ ቢገባ?
ያቺኑ ቀዳዳ ሌላ እጅ ቢያገኛትስ?
በሯን ቀርቅሮባቸው፣ ፍሬኗን ቢነሳትስ?
ጣሪያዬ ስሚንቶ፣ በሬ ድፍን ብረት፤
መዝገቤ ላይ አንድ መስመር ባዶ ተውኩለት።

ቤንዚንን አውቀዋለሁ። ጠላት ነው፣ ግን ይሸታል፤
«መጣሁ» ይልሃል፣ ክብሪትህን ያስጥላል።

በሳምንቱ ደግሞ የኤልያብ ታክሲ፣
የእናቱ ሐብልና የባንክ ብድር ያለባት፣
ቸርችል ቁልቁለት ላይ ድንጋይ ሆዷን የመታት፣
ቻርጅ ላይ እንዳለች
እንደ ተበሳ ጎማ ማፏጨት ጀመረች።
ነጭ ጭስ። የከረሜላ ሽታ።
አሸዋዬን ደፋሁ፤ ሳቀብኝ።
ቀዩን ጠርሙስ ነፋሁ፤ ናቀኝ።
ሰፈሩ ውሃ ካጣ አራት ቀን ሆኖት ነበር፤
ያን ሌሊት በቦቴ መጣ፤ ምድር ቤቱ ሆነ ባሕር።
«ጠፋ» ብለው ሄዱ።
ሊነጋ ሲል ተነሳ።

«እሳት አመድ ወለደ» ሲባል ነው የማውቀው፤
ይሄኛው ከአመዱ እሳት ነው የወለደው።

ኤልያብ ደረጃው ላይ፣ ቁልፉን እንደጨበጠ፣
ፊቱ ጥላሸት ለብሶ፣ አንድም ቃል ሳያወጣ፣
ስልኩ ኪሱ ውስጥ ጮኸ፦
«ለመኪናዎ አዲስ ማሻሻያ ደርሷል። ይጫን?»
አሳየኝ። አየሁት።
ምን ይባላል? ዝም አልን።

መዝገቤን ገለጥኩት። እጄ ይንቀጠቀጣል።
ታርጋዋን በቃሌ አውቀዋለሁ፤ ጻፍኩት።
የገባችበት፦ ማታ፣ ሁለት ሰዓት ተኩል።
የወጣችበት፦ ጎህ ሲቀድ፤ በአየር ማስወጫው በኩል።