ስድስት ከአሥር

በጥር መጨረሻ፣ ውርጩ ሣር ሲያነጣ፣
ላፕቶፔን ታቅፌ ጫጫ ቤት ስመጣ፣
አባቴ በረት ላይ ቆሞ ሲቆጥራቸው
አሥራ አራት ጊደሮች፣ ጭስ ነው ትንፋሻቸው።

«ስንቱን እናስቀር?» አለኝ ሰላም ሳይል፤
ሰላምታ ነው እኛ ቤት እንዲህ ሲል።

ያረጁ አምስት ላሞች ዘንድሮ ይወጣሉ፤
በእነሱ ፋንታ እነማን ይገባሉ?
እኛ ወተት አንሸጥም፣ ሥጋ ነው እርባታችን፤
የቀረች ጊደር ሁለት ዓመት ትበላለች፣ ጥጃ ሳታሳየን።

ማታ በፋኖሱ — አይ፣ መብራት ነበረ —
የውሳኔ ሞዴል የሚሉት ነገር ጠረጴዛው ላይ አደረ።
በሜትር የለካሁት የደረታቸው ዙር፣
ዕድሜ በወር በወር፣
የፋጉሎ ዋጋ፣ የቢራው አተላ፣ የገለባው ክምር፣
እናቷ ስንት ወለደች፣ በስንት ወር ልዩነት፣
በልግ የመምጣት ዕድል፣ የበልግ መቅረት።
ከአሥረኛው ዓመት ተነሥቼ ወደ ኋላ እየተመለስኩ
በየዓመቱ ደጅ «ትቅር? ትሂድ?» እያልኩ።

አባቴ ጎንበስ አለ።
መነጽር የለውም፣ ቁጥር ግን አይፈራም።
«ይህቺ ምንድን ናት?»
«ዕድል ናት። ዳለቻ ዘንድሮ የመፀነሷ ልክ።»
«ልክ አለው?»
«አለው። አራት ከአሥር።»
«የቦራስ?»
«ስድስት።»
ዝም አለ። ምድጃው ላይ አንድ ጉማጅ ጨመረ፣
«ትርፌ፣ ሁዳዴን የት አገባሽው?» ብሎኝ ተሻገረ።

አላገባሁትም።
ሃምሳ አምስት ቀን ሙሉ ልኳንዳው ሲዘጋ
ጊደር በገበያ እንደሚወርድ ዋጋ፣
የፋሲካው ሳምንት ሽቅብ እንደሚወጣ፣
ከዩኒቨርሲቲው አብሮኝ አልመጣ።

ጨመርኩት።
ሦስተኛዋ ጊደር ስምንተኛ ሆነች፣
ዳለቻ ከዝርዝሩ ከናካቴው ወጣች፤
ጾሙ ሳይገባ ትሸጥ ተባለች።

ዳለቻን በጡጦ እሱ ነው ያሳደጋት፤
ከአሥራ አራቱ መሐል ስሟን የምታውቅ እሷ ብቻ ናት።
ልከራከረው ስዘጋጅ
«ፈረደ፤ ይግባኝ የለም» አለና ገመዱን ይዞ ወጣ በደጅ።

አስፋልቱ ዳር አይሱዙ ቆሞ ነበር።
የሸኖው ነጋዴ፣ ወንድይፍራው፣ ጥርሷን ሊያይ
ከንፈሯን ሲገልብ አባቴ ዞር አለ፣
የመንገዱን ጠጠር የሚቆጥር መሰለ።

ቦራ ቀረች።
በልጉም መጣ፤ ሣሩም ኮርማውም ነበረ።
በሰኔ ሐኪሙ እጁን እስከ ክርኑ አስገብቶ መረመረ።
ራሱን ነቀነቀ፦
«ባዶ ናት፣ ጋሽ አጥናፍሰገድ።»

ያን ማታ ሠንጠረዡን እንደ ተጠርጣሪ ከፈትኩት፣
ከላይ እስከ ታች ቀመር በቀመር ፈተሽኩት።
ስህተት የለበትም።
ስድስት ነበር ያለኝ፣ ስድስት ከአሥር፤
አሥር ብሎ የሰማው የገዛ ጆሮዬ ነበር።

ማብራሪያ ይዤ ሄድኩ፦ አንዲት ጊደር ማስረጃ አትሆንም፣
በብዙ ዓመት ሲደመር እኮ…
«አውቃለሁ» አለኝ። «እኔም በሃምሳ ዓመት
አራቴ ተሳስቼ ስድስቴ ነው የቀናኝ።
ያንቺ መኪና ያንኑ ነው የነገረኝ፣
ግን በአንድ ሌሊት።»

ከዚያ የበረቱን ማገር ተደግፎ ቆየ።
«እስቲ አንድ ረድፍ ጨምሪ።
ዕድሜ፦ ሰባ ሁለት።
ጉልበት፦ የቀኙ አይታጠፍም።
መኖ፦ ትንሽ ይበቃዋል።
ተተኪ፦»

እዚያ ላይ አቆመ። እኔም አልጻፍኩም።
ወንድሞቼ ሦስቱም ከተማ ናቸው፣
የእኔም ውል ደብረ ብርሃን እስከ ነሐሴ ነው፣
ከዚያ ወዲያ ቀመሩ አያውቅም።

ጠዋት ሜትሩን አንገቴ ላይ አንጠልጥዬ ወረድኩ።
ትናንት የተወለደችው፣ ስም ገና ያልወጣላት፣
ብርዱ ሲነካት ተራገጠች፣ አቅፌ ያዝኳት።
ስልሳ ስምንት ሴንቲ።
ጻፍኩት።