ቀይ እስክሪብቶ

አሥራ አንድ ሰዓት ላይ፣ ከስድስት ኪሎ በር፣
ቁልቁል ወደ አራት ኪሎ በእግር ይወርዱ ነበር፤
በግራ እጅዎ ፌስታል፣ ያልታረመ ወረቀት፣
በደረት ኪስዎ ደግሞ ያ ቀይ እስክሪብቶ፣ የሁላችን ስጋት።
የታክሲው ረዳት፣ ግማሽ አካሉ ውጭ፣ «ፒያሳ! አንድ ሰው ቀረ!» እያለ ሲጣራ
ቆመው ይሰሙታል፣ ልክ እንደ መሪጌታ ቅኔ ሲመራ።
በማግሥቱ ክፍል ገብተው፣ ጠመኔ ሳይነኩ፦
«ትናንት አንድ ልጅ ሰማሁ፤ መልእክቱን በአራት ቃል የጨረሰ።
እናንተ አራት ገጽ ጻፋችሁ፤ አንዱም ፒያሳ አልደረሰ።»

«እንደሚታወቀው» ብሎ ጽሑፍ የጀመረ
ወረቀቱ ደም ለብሶ ይመለስለት ነበረ።
«የሚታወቅ ከሆነ፣ ለምን ታደክመናለህ?
የማይታወቅ ከሆነ፣ ለምን ትዋሻለህ?»
መነጽርዎን በክራቫትዎ ጫፍ እየወለወሉ።
እኔ ሁለት ጊዜ ወደቅሁበት።
አልዋሽም፤ ጠልቼዎት ነበር፣ ያን ሰሞን በሙሉ።

ስለ ራስዎ አያወሩም። የሰማነው ከዘበኛው ነው፣ ከጋሽ ዱባለ፤
በወጣትነታቸው፣ ሬዲዮ ላይ፣ ዜና አንባቢ ነበሩ አለ።
አንድ ማታ ማኅተም ያረፈበት ወረቀት ከፊትዎ ተቀመጠ፤
የስም ዝርዝር። የመጀመሪያውን ስም አዩት፤ አብሮ አደግዎ። ድምፅዎ ተቋረጠ።
አሥራ አንድ ሴኮንድ አገር ዝምታ ሰማ።
ከዚያ መዝገብ ቤት፣ የአቧራና የጆንያ ከተማ፣
ስድስት ዓመት።
ከዚያ ትምህርት፣ ከዚያ ማዕረግ፣ ከዚያ እኛ፣ ሠላሳ አራት ዓመት ሙሉ እኛ፣
ለመናገር ቸኳዮች፣ ለመስማት ሰነፎች፣ የወሬ ምርኮኛ።
«ማስተላለፍማ ቧንቧም ያስተላልፋል» ይሉን ነበር ሲሰለችዎ፤
ሰፈር ውስጥ ውሃ በጠፋ ቁጥር ትዝ ይለኛል ቃልዎ።

ቅዳሜ፣ በትልቁ አዳራሽ፣ የሕይወት ታሪክዎን ሊያነብ አንድ ኃላፊ ቆመ፤
ማይኩን ነካ ነካ አደረገ፤
«እንደሚታወቀው ፕሮፌሰር ይርዳው…» አለ፤ ለእኛ እዚያው ላይ አከተመ።
ከኋላ ወንበር ትርሲት አፏን በነጠላዋ ሸፈነች፤
ለቅሶ መስሏቸው አንዲት እናት ጀርባዋን ዳበሷት።
ሳቅ ነበር። ትከሻዋን እናውቀዋለን።
ኋላ ግን ሳቋ መሃል ላይ ከዳት።

የትውልድ ዘመን ተነበበ። የሥራ ዘመን። የምስክር ወረቀት ብዛት።
አሥራ አንዱ ሴኮንድ አልተነበበም።

ሲያልቅ በእግር ወረድኩ፣ ታሪክዎን ጠቅልዬ፤
መንገዱ ሰፍቷል፣ መብራቱ አዲስ ነው፤ ቆመው ጋዜጣ የሚገረምሙበት ኪዮስክ የለም።
አንድ አጥር ላይ ተደግፌ ወረቀቱን ዘረጋሁ፤
ቀይ ፈለግሁ፤ ሰማያዊ ብቻ ነበረኝ።
ከአራት ኪሎ ሳልደርስ አንድ ሚኒባስ ቀደመኝ፤
ረዳቱ፣ ግማሽ አካሉ ውጭ፣
«ፒያሳ! አንድ ሰው ቀረ!»

ቆሜ ሰማሁት።
የሚሰረዝ ቃል የለውም።