ሆድ ያባው

ሆድ ያባውን ነገር ብቅል ያወጣል አሉ፤
የእኔን ሳል አወጣው፣ ሰዎች ሳያስተውሉ።
ሁለት መቶ ኪሎ ጥቁር ድንጋይ ተሸክሜ፣
ካወረድኩት ወዲያ፣ ላቤን ሳልጠርግ ቆሜ፣
አንዲት ተራ ሳል፣ እንደ ሕፃን ትንታ፣
ከእምብርቴ ሥር ገፍታ
እንቁላል የሚያህል እብጠት አስቀመጠች።
"ምንም አይደል" አልኳት። እሷ ግን አልሰማች።

ቀበቶዬን አጠበቅሁ። ሁለት ዓመት ቆየሁ።
ሆድ ይፍጀው አልኩና
ሆዴ ሲፈጀኝ አየሁ።

ቢልባኦ ተኛሁ። ዝናብ መስኮቱን ሲደበድበው
የሐኪሟ ቢላዋ የደበቅሁትን ገለበው።
መረብ ሰፉ ውስጤ፤ ዓሣ አይያዝበት፣
የገዛ አንጀቴን ነው የሚያስቀር ከቤት።

ኮልዶ ሊጠይቀኝ መጣ፤ ገና ከበሩ ቀልድ ጀመረ።
"ተው፣ አታስቀኝ!" አልኩት ትራሴን ታቅፌ፤
ሳቁ ግን አልቀረ።
ሁለት መቶ ኪሎ ያላንቀጠቀጠኝን ሰውዬ
ሳቅ አንቀጠቀጠኝ፣ እንባዬን አዝንቤ፣ "ወይኔ!" ብዬ።

ኔካኔ ትባላለች የምታሠራኝ። ክንዷ ቀጭን፣ ድምጿ ዝግ ያለ።
መዳፏን ሆዴ ላይ አሳርፋ፣
"ተንፍስ" አለችኝ፣ "ጉልበት ሳትጨምር፣ እንዲያው እንዳለ።"
እኔ ደግሞ ዕድሜዬን ሙሉ
ትንፋሼን አምቄ ነው የማነሣው፣ እንደ አባቴ፣ እንደ ሁሉ።
"እሱ ነው የቀደደህ" አለች። "ድንጋዩ አይደለም፤
ያመቅኸው ትንፋሽ ነው። አየር መውጫ ሲያጣ አይምርም።"

ከአልጋ ስነሣ መጀመሪያ በጎኔ ተንከባልዬ፣
ሳስነጥስ ትራሱን ሆዴ ላይ ጥዬ፣
በመጀመሪያው ሳምንት እስከ ድልድዩ፣ በሁለተኛው እስከ ወፍጮው፤
"ከአንድ ጆግ ወተት የሚከብደውን ግን
ሌላ ሰው ያንሣው።"
አንድ ጆግ ወተት ተፈቀደልኝ።
ለእኔ!

ኢራቲ አራት ዓመቷ ነው። አሥራ ስድስት ኪሎ፣ ከነጫማዋ።
እጆቿን ወደ ላይ ዘርግታ ቆመች፤
"አንሣኝ" ነው፣ አይጠፋኝም ቋንቋዋ።
በዓል በመጣ ቁጥር ስሜን የሚጠሩ፣
ትከሻዬን መትተው በእኔ የሚፎክሩ፣
አላዩኝም ያን ቀን ወጥ ቤት ወለል ላይ ተንበርክኬ፣
ግንባሯን ታክኬ፦
"ማንሣት አልችልም፤ ዝቅ ማለት ግን እችላለሁ" አልኳት።
ጉንጬን ያዘች። "ታመሃል?"
"አይ፣ ተሰፍቻለሁ" አልኳት።
"እንደ ድቤ?"
(አንድ ዓይኑ የወጣ የጨርቅ ድብ አላት፣
ሆዱን እናቷ የሰፋችላት።)
"እንደ ድብሽ።"

በስምንተኛው ሳምንት ቁስሉ ነጭ መስመር ሆነ፣ ክር የመሰለ።
ከላይ ሲያዩት የዳነ፤ ከውስጥ ግን ገና ያልጨረሰው ሥራ አለ።
ሆድ ሲያውቅ ዶሮ ማታ፤ አውቄ እንዳላወቀ፣
አንድ ሌሊት፣ ቤተሰቡ ሲተኛ፣
ወደ ጎተራው ሄድኩ፣ ልቤ እንደ ሌባ እየደነገጠ እየተሳቀቀ።
ሸራውን ገለጥኩ። ድንጋዩ እንደ ተኛ በሬ ነው፣ ቀዝቃዛ።
ጉልበቴን አጠፍኩ። ጣቶቼ ቦታቸውን አልረሱም።
ትንፋሼን ላምቅ ስል
የዚያችን ቀጭን ሴት መዳፍ ሆዴ ላይ አገኘሁት።
ተነፈስኩ።
ሸራውን መለስኩት።

በአራተኛው ወር፣ ኔካኔ ከጎኔ ቆማ፣
አርባ ኪሎውን፣ ልጆች የሚለማመዱበትን፣ ከመሬት አነሣሁት፣
ከጭኔ አደረስኩት፤
ወደ ደረቴ ሲወጣ እንደ መስኮት ተከፍቼ ተነፈስኩበት።
ከትከሻዬ አንድ ስንዝር ሲቀረው
የሆነ ነገር ሳበኝ። ሕመም አልለውም፤
ስሜን በሹክሹክታ እንደሚጠራ ሰው ነው።
አወረድኩት፣ ቀስ ብዬ።
"አንድ ስንዝር እኮ ነበር!" አለ ኮልዶ፣ እጁን በእጁ እየመታ።
"ነገም አንድ ስንዝር ነው" አልኩት። "ድንጋይ የትም አይሄድም፣
አይቸኩልም።"

ኢራቲ ሮጣ መጥታ ድንጋዩ ላይ ተቀመጠች።
አየችኝ። አሰበች።
ጫማዎቿን አንድ በአንድ አወለቀች።
"አሁንስ?" አለች።